ሰማያዊ ጉሮሮ

ሚስተር ዳሞዳራን፣ የሒሳብ መምህር፣
ቆጪ ሰፈር ነበር ተከራይቶ የሚኖር፤
«የእኔም አገር ኮቺ አለው፣ ባሕር ያለው» ብሎ
በራሱ ቀልድ ስቆ፣ ጃንጥላ አንጠልጥሎ፣
አዌቱን ተሻግሮ
ከነጭቃው ይገባል፣ ሰዓቱን አክብሮ።

የጅማን ዝናብ ግን ሒሳብ አይችለውም፤
ቆርቆሮው ሲንጋጋ ኤክስ አይሰማ፣ ዋይም።
ያን ጊዜ ጠመኔውን ኪሱ ውስጥ ይከታል፣
ወንበሩን እየሳበ ወደ መሐል ይመጣል፣
ያገሩን የጥንቱን፣ የአማልክቱን ወሬ
እንደ ጎረቤት ጠብ ያወራናል፣ ልክ እንደ ሆነ ዛሬ።

«አማልክትና አጋንንት፣ የዘመን ባላንጣ፣
ሞት የሚያስቀር መጠጥ ከባሕር እንዲወጣ
የወተቱን ባሕር ሊንጡት ተስማሙ፤
ተራራው ዘንግ ሆኖ፣ እባቡ ገመድ ሆኖ፣ ግራና ቀኝ ቆሙ።»

ታጁ አባ ራያ፣ ከመጨረሻው ወንበር፣
(እናቱ ሂርማታ ቅቤ ስትቸረችር)
«ቲቸር! ወተት ሲናጥ ቅቤ ነው የሚወጣ!»
«ይወጣል» አለ መምህሩ፤ «መጀመሪያ ግን ሌላ ነገር መጣ።

መርዝ።
ጭሱ ብቻ ወፍ የሚጥል፣ ባሕሩን የሚያጠቁር።
አማልክት ሸሹ። አጋንንትም ሸሹ።
አንዱ ብቻ ቀረ፣ አመድ ነው ልብሱ፣
በመዳፉ ዘገነና ጨለጠው ሁሉንም፤
ግን አልዋጠውም፣ አልተፋውም።
ቢውጠው በሆዱ ያለው ዓለም ሊያልቅ፣
ቢተፋው በደጅ ያለው ሊደርቅ፣
ጉሮሮው ላይ ያዘው። ጉሮሮው ሰማያዊ ሆነ።
ይኸው እስከ ዛሬ እንደያዘው አለ።»

«እውነት ነው?» አለች ሸምሲያ።
መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ፣
ቆየና፣ «እቤታችን» አለ፣
«‹መቼ ሆነ?› ብሎ የጠየቀ የለም።
ማታ መብራት ሲበራ አጎቴ ዙሪያውን ያያል፤
ዕዳ ያለበት፣ የተጣላ፣ ልጅ የሞተበት ማን እንደሆነ ያውቃል፤
ለዚያ ሰው የሚሆነውን ይመርጣል።
አንዱን ታሪክ ሦስት መንደር በሦስት መልክ ያወራዋል፣
ማንም ማንን ‹ዋሸህ› አላለም።
የእኔ ሒሳብ መልሱ አንድ ነው።
የዚህ ቤት በሩ ብዙ ነው፤ በጨነቀህ በኩል ትገባለህ።»

እኛ ምን ጨንቆን! ሳቅን።
በእስክሪብቶ ቀለም ጉሮሯችንን ቀባን፣
ታጁ እስከ ጆሮው ድረስ፤
መምህሩም እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ከዚያ ያ ዓመት መጣ፤ የጅማ ሰው ያውቀዋል።
ተካልኝን፣ ወንድሜን፣ ከአልጋው ላይ ወሰዱት፣
በሦስተኛው ቀን ንጋት አስፋልት ዳር ጣሉት።
ማን እንደ ጠቆመው አይቻለሁ እኔ፣
በአጥር ቀዳዳ፣ በገዛ ዓይኔ።
ታላቃችን ሽጉጥ ነበረው፤
«ስም ብቻ» ይላል ቤት ለቤት እየዞረ፣ «ስም ብቻ ስጡኝ።»
ስሙ አፌ ውስጥ ነበር።
የሰውየው ልጆችም አራት ነበሩ፣
ትንሿ ገና ድክ ድክ ስትል በእኛ ደጅ።

ለቅሶ ክልክል ነበር። መሸት ሲል ሚስተር ዳሞዳራን መጣ፣
ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ቁጭ አለ፣
ጃንጥላው ወለሉ ላይ እያንጠባጠበ።
አንድም ቃል አልተናገረ።
ሲወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ አየኝና
ሁለት ጣቱን ጉሮሮው ላይ አሳረፈ።
እንዴት አወቀ? እንጃ።
በክረምቱ ውሉ አልቆ አገሩ ገባ።

አርባ ሰባት ዓመት።
ታላቃችን ሳያውቅ በአልጋው ላይ ሞተ።
ሰውየው አለ። ሂርማታ በከዘራ ሲያዘግም
እጄን ይጨብጣል፣ ጤናዬን ይጠይቃል፤
«ምነው ድምፅህ ሻከረ?» ይለኛል።
«ጉንፋን ነው» እለዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኛል፤
ያን ዕለት ዝናቡ ድንገት አባራ፣
መምህሩ ጠመኔውን ከኪሱ አወጣ፣
ታጁ ግን እጁን አላወረደም፤
«ቲቸር፣ ቅቤውስ?»
«ነገ» አለው። «ነገ ሲዘንብ።»

በማግስቱ ፀሐይ ነበር።